የሐጂ ዳሂር ሳል

ሐርጌሳ ሥራ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የጠየቅሁት፣ "መኪናዋ ኢንሹራንስ አላት?" ብዬ ነው። ከዚያ በኋላም በዚያ ከተማ ብዙ የሞኝ ጥያቄ ጠይቄአለሁ፤ የዚያን ያህል ሰው ያሳቀ ግን የለም።

መኪናዋ አሮጌ ፊያት ኤን ትሪ ናት፤ ከጀርባዋ የውሃ ቦቴ ተጭኖባታል። የእጅ ፍሬኗ ለጌጥ ነው። የቀኝ ስፔኪዮዋ የለም። የተሰነጠቀውን የፊት መስታወት የያዘው ማጣበቂያ ነው። ይህ አላስደነገጠኝም፤ ከኮምቦልቻ አሰብ ስመላለስ ከዚህ የባሰ ነድቻለሁ። ወረቀት ግን ለምጃለሁ። አገሬ ላይ ሊብሬውና የኢንሹራንሱ ወረቀት ጋቢና ውስጥ መኖሩን ሳላይ ሞተር አላስነሳም ነበር።

የቦቴዋ ባለቤት ሐጂ ዳሂር ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው። ድሬዳዋ ለብዙ ዓመታት ስለነገዱ አማርኛቸው የእኔን ያህል ነው። ጥያቄዬን ሰምተው እስኪበቃቸው ሳቁና በከዘራቸው ከመንገዱ ማዶ አመለከቱኝ።

"ያ ሻይ ቤት ይታይሃል?"

"ይታየኛል ሐጂ።"

"የተቀመጡት ሁሉ ዘመዶቼ ናቸው። ኢንሹራንሴ እነሱ ናቸው።"

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ማታ ቤት ስገባ ተማም አስረዳኝ። ተማም የጅማ ልጅ ነው፤ በበርበራ መስመር ጭነት ይነዳል፤ ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ ተከራይተን አብረን እንኖራለን። እንደነገረኝ ከሆነ እዚያ አገር ሰው የገጨ ሰው የደም ካሳ አለበት፤ መግ ይሉታል። ከኪሱ አይከፍልም። ጎሳው አዋጥቶ ይከፍልለታል፤ እሱም በተራው ለሌላው ያዋጣል። ሾፌሩ የሰው አገር ሰው ከሆነ፣ ባለንብረቱ ፈቅዶለት እስከነዳ ድረስ የባለንብረቱ ጎሳ ይሸከመዋል።

"ሳይፈቅድለት ከነዳስ?" አልኩት።

"እሱን አታድርገው" አለ ተማም። "ሰይድ ወንድሜ፣ እዚህ መንጃ ፈቃድህን ማንም አያይልህም። ሰው እንዳለህ ነው የሚያዩት።"

በማግሥቱ ሐጂ ዳሂር ከሱብሒ ሶላት በኋላ በራቸው ላይ ቆመው ቁልፉን በቀኝ እጃቸው አቀበሉኝ። "ቢስሚላህ በል" አሉ። አልኩ። ማዶ ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ቀና ብለው አዩን። ማታም ቁልፉ ተመልሶ እጃቸው ገባ። ቁልፉ አንድም ቀን ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አያውቅም። ሌባ የሚፈሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ውል መፈራረማችን ነው።

ያኔ ሐርጌሳ ሁሉም ጣራ የሚሠራባት ከተማ ነበረች። ሰው ከስደት ካምፕ ተመልሶ ጥይት የበሳሳውን ግድግዳውን ያቆማል። ሲሚንቶው ከበርበራ ይመጣል፣ ድንጋዩ ከኮረብታው ይፈለጣል፣ ውሃው ግን በእኛ ቦቴዎች ነበር። ከከተማው ውጭ ካለው ጉድጓድ ወረፋ ይዤ እሞላለሁ፤ ጋአን ሊባህ ሰፈር ለሚሠራ ቤት እገለብጣለሁ፤ ተመልሼ እሰለፋለሁ።

መንገዱ ላይ የሚነዳው በቀኝ ነው። የከተማው ትናንሽ መኪናዎች ግን ከባሕር ማዶ የመጡ ስለሆኑ መሪያቸውም በቀኝ ነው። ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ሊቀድመኝ ሲፈልግ ከፊቱ የሚያየው የእኔን ቦቴ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚቀድመኝ በተወኩል፣ በአላህ ተመክቶ ነው። አላህም አብዛኛውን ጊዜ ያሳልፈው ነበር።

ዓርብ ቦቴዋ አትወጣም። ሐጂ ከጁምዓ ሶላት መልስ ጫታቸውን ይዘው ጋደም ይላሉ፤ እኔም ልብሴን አጥባለሁ። ይህ የታወቀ ነው፤ ሻይ ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ዓርብ ግን ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። በሩ ላይ የቆሙት የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ሰህራ ናቸው። ዋሄን ገበያ ልብስ ይሸጣሉ፤ አጭር ናቸው፤ ሲናገሩ ግን ረጅም ሰው ያጎነብሳል። ቁልፉን ዘረጉልኝ።

"ለአዲሱ መስጊድ ውሃ አድርስ። መሠረቱ ሊሞላ ነው፤ ውሃ አልቆባቸዋል" አሉኝ።

"እትዬ፣ ሐጂስ?"

"እሱ ነው ያዘዘኝ። ቢስሚላህ በል።"

ከመጋረጃው ኋላ ሐጂ አሳሉ። ሳሉን አውቀዋለሁ፤ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እንደ ናፍጣ ሞተር ሁለቴ አንገራግጠው ነው የሚነሡት። ቢስሚላህ ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩ።

መስጊዱ ጋ ስደርስ ግንበኞቹ ጭቃ እንዳይደርቅባቸው ተጨንቀዋል። ጃማ የሚባለው ግንበኛ ከኋላዬ ሆኖ እጁን እያወዛወዘ "ና! ና!" ይለኛል። የቀኝ ስፔኪዮ ስለሌለኝ አንገቴን አውጥቼ በእሱ እጅ እየተመራሁ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። የቆምንበት መሬት በጦርነቱ ጊዜ ምሽግ ነበር፤ ተደፍኖ ሣር በቅሎበታል። የኋላ ጎማዬ ሲረግጠው ተደረመሰ። ቦቴዋ ዘመመችና የጃማን እግር ከድንጋዩ ክምር ጋር አጣበቀችው።

ጩኸቱን አሁንም እሰማዋለሁ። ሰው ተሯሩጦ በእንጨት ደግፎ ቦቴዋን አነሣት፤ ጃማን በፒካፕ ሆስፒታል ወሰዱት። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ ቆዳውን ቀድዶ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ እኔ የአገሬን ሾፌር ሁሉ የሚያኮራ ሥራ ሠራሁ። በአገራችን ሰው የገጨ ሾፌር ሮጦ ለቅርብ ፖሊስ እጁን ይሰጣል፤ ነፍሱም ሕጉም የሚጠበቁት እዚያ ነው። በእግሬ ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ፣ መንጃ ፈቃዴን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ፣ "አደጋ አድርሻለሁ" አልኩ። ሳጅኑ መንጃ ፈቃዱን በጣቱ ገፋ አደረገው።

"ስምህ?"

"ሰይድ ሙሔ ዓሊ።"

"ከዚያስ?"

"ይማም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ በላይ አላውቅም።"

ሳጅኑ ብዕሩን አስቀምጦ እናቱ የሞተችበት ሕፃን እንደሚታይ አየኝ። እኔ አሁን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጠይቀኛል ብዬ ስለ ምሽጉ፣ ስለ ስፔኪዮው፣ ጃማ "ና" ስለማለቱ ልናገር ተዘጋጅቻለሁ። ተናገርኩም፤ አልጻፈውም። "የማን ነህ?" አለኝ።

"የሐጂ ዳሂር ሾፌር ነኝ።"

"አልሐምዱሊላህ! ቀድመህ እንዲህ አትልም?" ብሎ ሻይ አዘዘልኝ።

ሻዩን ሳልጨርስ ሐጂ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፤ ወደ እኔ አላዩም። በሶማልኛ፣ ቀስ ብለው፣ "ይህ ሰው መኪናዬን ያለ ፈቃዴ ነው የነዳው። ዓርብ መኪናዬ አትወጣም፤ አገር ያውቃል" አሉ። ሄዱም። ሳጅኑ ብርጭቆዬን አየ፤ ሻዩን ለማን እንደሚያስከፍል ግራ ገብቶት ነበር።

ነገሩን ተማም ነው ያጣራልኝ። የሐጂ የወንድም ልጅ ቀደም ብሎ ሰው ገጭቶ ጎሳው ገና ያንን አዋጥቶ አልጨረሰም። "ሌላ ብትጨምርብን ከኋላህ አንቆምም" ብለዋቸው ኖሯል። ሐጂ ዘመዶቻቸውን ፈሩ፤ ከዘመዶቻቸው እኔን መካድ ቀለላቸው።

ስለዚህ ታሰርኩ። ሳጅኑ "ለራስህ ደኅንነት ነው" አለኝ፤ እውነቱን ነበር። የጃማ እግር አመርቅዞ ትኩሳት ጀምሮታል። ከሞተ፣ ካሳውን የሚሸከም ወገን ደግሞ ከሌለ፣ የአጎቱ ልጆች ደሙን ከእኔው እንደሚወስዱ ውጭ ቆመው በግልጽ ተናግረዋል። የተናገሩት በቁጣ አይደለም፤ የዝናብ ወሬ እንደሚወራ ነው ያወሩት። ፈራሁ። በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው እግር የዚያን ያህል ዱዓ አድርጌ አላውቅም።

ተማም አልተኛም። የሼክ ኑርን ኢትዮጵያውያን ሰብስቦ፣ "እኛም ጎሳ እንሁን፤ እንሸከመው" አላቸው። ሁሉም ተስማማ። የጃማን ሽማግሎች ሲያነጋግሯቸው የመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ "መልካም። ሽማግሌያችሁ ማነው? ነገ እናንተን ብናጣ ማንን እንይዛለን?"

እዚህ ላይ ወገኖቼ ሽማግሌ ሊመርጡ ተቀመጡ። የወሎው ሰው በዕድሜ እኔ እበልጣለሁ አለ። የሐረሩ፣ እዚህ አገር ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ አለ። የጅማዎቹ ቁርዓን የቀራ ይሁን አሉ። አንዱ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ካልተያዘ አልቀመጥም ብሎ ወጣ። ተማም ሳምቡሳ ይዞልኝ መጥቶ በፍርግርጉ በኩል ሲነግረኝ እንባውን እየጠረገ ይስቅ ነበር። "ወላሂ ሰይድ፣ አንተ ተፈትተህ፣ አግብተህ፣ የልጅ ልጅ አይተህ እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ አይመርጡም" አለኝ።

ጉባኤው ከደረቁ ወንዝ አጠገብ ካለ ግራር ሥር ተቀመጠ። በአንድ ወገን የጃማ ዘመዶች፣ በሌላው የሐጂ ዘመዶች፤ በመካከል ከሁለቱም ያልሆኑ አው ሙሴ የሚባሉ ሽማግሌ። እኔን ፖሊስ አጅቦ ከዳር አስቀመጠኝ። ሐጂ ያንኑ ደገሙት፤ አልፈቀድኩም።

የተገኘው ነገር ሁሉ ተነሣ። ቁልፉን ማን ሰጠው? ሚስታቸው። የሚስት እጅ የባል እጅ ነው ወይ? በኩሽና ነው፤ በመኪና ግን አይደለም ያሉ ነበሩ። እኔ ደግሞ ስጠየቅ፣ ሐጂ ከመጋረጃው ኋላ እንዳሳሉ ተናገርኩ። ጉባኤው ነቃ አለ። ሳል ፈቃድ ይሆናል ወይ?

ከጃማ ወገን አንዱ ተነሥቶ፣ "በሸሪዓ ልጃገረድ ለጋብቻ ተጠይቃ ዝም ካለች ፈቀደች ይባላል። ዝምታ ከበቃ ሳልማ እንዴት አይበቃ?" አለ።

ከሐጂ ወገን ደግሞ መልስ መጣ፤ "ሐጂ ልጃገረድ አይደሉም።"

በዚህ ላይ ግራሩ ጥላውን እስኪያዞር ድረስ ተከራከሩ። እየሳቁም ነበር። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ በዚያው ጠዋት የጃማ ትኩሳት ጨምሯል ተብሎ ነበር።

አው ሙሴ በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ወደ ወይዘሮ ሰህራ ላኩ። ሰዎቹ ሲመለሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የወይዘሮዋን ቃል አደረሱ፤ "ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ እሱ ነው። ዋሽታለች ከተባለ ወንድሞቼ ይጠሩ።"

ሐጂ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ወይዘሮ ሰህራ ከሌላ ጎሳ ነው የመጡት። ጉባኤው ለማግሥቱ ተቀጠረ።

በማግሥቱ የወይዘሮ ሰህራ ወንድሞች መጡ። ባዶ ፒካፕ ይዘው ነው የመጡት። ሰላም ብለው ሁሉንም ከጨበጡ በኋላ ታላቅየው ቆሞ ተናገረ።

"ለጠብ አልመጣንም። እህታችን ዋሽታ ከሆነ፣ ውሸታም ሚስት ለሐጂ አትገባቸውም፤ ዕቃዋን ጭነን እንወስዳታለን። እህታችን እውነቷን ከሆነ ደግሞ፣ የሚዋሽ ባል ለእሷ አይገባትም፤ ዕቃዋን ጭነን እንወስዳታለን። መኪናው ቆሟል።"

ተቀመጠ። ያን ጊዜ ሐጂ ዳሂር አሳሉ፤ ሁለቴ፣ እንደ ናፍጣ ሞተር።

አው ሙሴ ዞር አሉ። "ይህ ሳል ምን ማለት ነው ሐጂ?"

"ፈቅጃለሁ ማለት ነው።"

"የዓርቡስ?"

"የዓርቡም ያው ነው" አሉ ሐጂ። "ጫት ላይ ስለነበርኩ ረስቼው ነው።"

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። የወይዘሮ ሰህራ ወንድሞች ፒካፑን ባዶውን መልሰው ነዱ። የሐጂ ዘመዶች እያጉረመረሙ ተነሡና ታላቃቸው፣ "እንግዲህ ሾፌሩ የእኛ ነው" ሲሉ ለጃማ ወገን ቃል ሰጡ። ከጃማ ወገን አንዱ "ለዛሬ ነው ለዘላለም?" ብሎ ጠየቀ። እኒሁ የሐጂ ወገን ሽማግሌ እኔን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ "ሰው በቀን አይከራይም" አሉ። የእኔን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። ማንም እንዳይሰማኝ ብዬ ትንሽ አሳልኩ።

ጃማ አልሞተም። እግሩን አላህ አተረፈለት፤ እያነከሰ ግንብ መገንባቱን ቀጠለ። ከተፈታሁ በኋላ ሆስፒታል ልጠይቀው ሄድኩ። ብርቱካን አስቀምጬ ከአልጋው አጠገብ ቆምኩ። ሰው እስኪወጣ ጠበቀና ሳብ አደረገኝ።

"ና ና ያልኩህ እኔ ነበርኩ" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ምሽጉንም አውቀው ነበር። አፈሩን ጠቅጥቀን ያጠበቅነው መስሎኝ ነው። ይህን ለሽማግሎቹ ብናገር ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ነው፤ ልጆቼን ማን ያበላልኛል?"

"እኔም ለፖሊሱ ነግሬው ነበር" አልኩት። "አልጻፈውም።"

"አላህ ይስጠው" አለ ጃማ። ብርቱካኑን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ።

ሥራዬ ላይ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂ ቁልፉን የሚሰጡኝ ከመንገዱ መሐል ቆመው ሆነ። ወደ ሻይ ቤቱ ዞረው፣ "ፈቅጃለሁ!" ብለው ይጮኻሉ። ሻይ ቤቱም "ሰምተናል!" ብሎ ይመልሳል። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ በኋላ ካልተባለ ቅር ይለን ጀመር። ከዚህ በቀር አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ የቀኙን ስፔኪዮ ግን አስገጠሙልኝ።

የእነሱ መሆን ዋጋ እንዳለው የገባኝ ቆይቶ ነው። በማላውቀው ከተማ፣ የማላውቀው ሰው የማላውቀውን ሰው በገጨ ቁጥር ሻይ ቤቱ ይጠራኛል። "ድርሻህ ደረሰ ሰይድ" ይሉኛል። አዋጣሁ። በለቅሷቸው ቀን ቀበርኩ፣ ሠርጋቸው ላይ በላሁ፣ በጠባቸው ቀን ወገን ለይቼ አኮረፍኩ። ተማም፣ "አያት አልነበረህም፤ አሁን አያት በዛብህ" ይለኝ ነበር።

ዘመኑ ሲለወጥ ሐርጌሳ መስታወት የለበሰ የኢንሹራንስ ቢሮ ተከፈተ። ያኔ ለአንድ ድርጅት እነዳ ስለነበር ወረቀቱን እንዳስጨርስ ላኩኝ። ከረባት ያሰረ ጨዋ ልጅ ተቀብሎ ደንቡን በእንግሊዝኛ እያነበበ በሶማልኛ ያስረዳኛል። አንዱ አንቀጽ፣ ሾፌሩ መኪናውን በባለንብረቱ ፈቃድ የነዳ ካልሆነ ኢንሹራንሱ አይከፍልም ይላል። ቢስሚላህ፣ እዚህም መጣ አልኩ በልቤ።

"ከዚህ በፊት ኢንሹራንስ ነበረዎት?" አለኝ።

"ሻይ ቤት ሙሉ" አልኩት።

ሳቀ፤ ገብቶታል። "ለመሆኑ አንተስ?" ስለው፣ ዙሪያውን አይቶ፣ "አጎቴ ቤት በየጊዜው አዋጣለሁ። ይሄ ቢሮው ብቻ ነው" አለ። ፈርሜ ወጣሁ።

ወይዘሮ ሰህራን አንድ ቀን ዋሄን ገበያ ከመደብራቸው ሥር ተቀምጬ ጠየቅኋቸው። ሐጂ ጡረታ ወጥተው ቤት የዋሉበት፣ እኔም መሪ ልለቅ የተቃረብኩበት ጊዜ ነው።

"እትዬ፣ ያኔ ለእኔ ብለው ትዳርዎን እንዴት አስያዙ?"

ጨርቅ እየተረተሩ ቀና አሉ። "ለአንተ ማን አለ?" አሉኝ። "ቁልፉን የሰጠሁት በእጄ ነው። የካደው እጄን ነው።"

ቅር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለኝም። የዳንኩት ለእኔ ተብሎ ሳይሆን በመንገድ ላይ ተገኝቼ ነበር። መዳን ግን መዳን ነው።

ወጣት ሾፌሮች ሼክ ኑር እየመጡ ምክር ይጠይቁኛል፤ ስለ ፍሬን፣ ስለ ጎማ፣ ስለ በርበራ ቁልቁለት። እሱን ከመካኒክ ትማሩታላችሁ። ኢንሹራንስም ግዙ፤ ጥሩ ነው። ቁልፍ ስትቀበሉ ግን ሰው ባለበት ተቀበሉ፤ የሰጣችሁንም ሰው ፊት ቀና ብላችሁ እዩ። ካሳለ ደግሞ ምን ማለቱ እንደሆነ እዚያው ጠይቁት።